ከተተከለው ዛፍ ሥር የሚበቅለው፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፉት ወራት ስለ ደን ተከላ የደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ስላሉ በዚህ እትም አንድ ላይ ልናስተናግዳቸው ወስነናል። ጠያቂዎቹ በሀገር ቤትም በውጭም የሚኖሩ ቢሆኑም አብዛኞቹ ማወቅ የፈለጉት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ሰው የተከለው ደን ከአየር የሳበውን ካርቦን በሚያከማችበት ጊዜ ሌሎች ዕፅዋትን ያስጠጋል ወይስ ያባርራል? ረዣዥሞቹን ደብዳቤዎች ፍሬ ነገራቸውን ጠብቀን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ (ከሻሸመኔ)፦ «በአካባቢያችን ባለው ሰፊ የደን ተከላ ውስጥ በአንድ ዓመት የተተከሉ ሁለት የፈረንጅ ጥድ ክፍሎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። በአንደኛው ሥር ከደረቀ ቅጠል በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ በሌላው ውስጥ ግን ብሳናው፣ ቀለዋውና ጥቁር እንጨቱ የሰው ቁመት አልፏል። አፈሩም ዝናቡም አንድ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ብዙ ካርቦን የያዘውስ የትኛው ነው?»

መልስ፦ አፈሩና ዝናቡ አንድ ከሆኑ ቀጥሎ የሚጠረጠረው አያያዙ ነው። ወደ ሁለቱ ክፍሎች ተመልሰው ቢገቡ በመጀመሪያ የሚፈልጉት ዛፉን ሳይሆን ጉቶውን ይሁን። ከሥሩ ዕፅዋት በበቀሉበት ክፍል ውስጥ በየመካከሉ የበሰበሱ አሮጌ ጉቶዎች ካገኙ ክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንዲሳሳ ተደርጓል፣ ማለትም ለቀሩት ቦታ እንዲሰፋ አንዳንዱ ዛፍ ተቆርጦ ወጥቷል ማለት ነው፤ በጨለማው ክፍል ውስጥ ጉቶ ከሌለና ግንዶቹ ቀጫጭን ሆነው በመደዳቸው እንደቆሙ ከሆነ ደግሞ ከተተከለ ጀምሮ መጋዝ አልነካውም።

የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ነው። ችግኞቹ በ2.5 ሜትር ርቀት ሲተከሉ በአንድ ሄክታር 1,600 ያህል ዛፍ ይቆማል፤ በ2 ሜትር ርቀት ከሆነ ደግሞ 2,500 ይደርሳል። ይህ ሁሉ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቅርንጫፉን ያገጣጥምና መሬቱ ላይ ብርሃን እንዳይደርስ ያደርጋል፤ በወቅቱ የማሳሳትና የቅርንጫፍ ግረዛ ሥራ ካልተሠራለትም ጨለማው ለዓመታት ይቀጥላል። መሬቱ ላይ የሚከማቸው ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ እንደ ወፍራም ምንጣፍ ይሆናል፤ አንድ ዘር ከላዩ ቢወድቅና ቢበቅል እንኳ ሥሩ አፈር ከመንካቱ በፊት በጋው ይደርስበታል። በእጅዎ ገለጥ አድርገው ቢያዩት፣ ከላይ ደረቁን ቅጠል፣ ከሥሩ ነጫጭ የሻጋታ ክሮች ያሉበትን ግማሽ የበሰበሰ ንብርብር፣ ከዚያም በታች ጥቁሩን አፈር ያገኛሉ፤ የሞቱትን ጥቃቅን ቡቃያዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኟቸው በመካከለኛው ንብርብር ላይ ነው።

ብርሃን ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ዘሩ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከብርሃኑ እኩል ይከብዳል። ደመል ተከታይን የመሳሰሉ የሀገራችን የደን ተመራማሪዎች በደጋ ደኖቻችን ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከአፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የሣርና የሐረግ፣ የአረምና የቁጥቋጦ እንጂ የትላልቆቹ ዛፎች አይደለም። ዝግባና ጥቁር እንጨት ዘራቸው አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚጠብቅ ሳይሆን ቶሎ በቅሎ በትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር እንደ ቡቃያ ሆኖ ተራውን የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ መሬቱ ቀደም ሲል ለረጅም ጊዜ የታረሰ ከሆነ ከውስጡ የሚወጣ የዛፍ ዘር የለም፤ ዘሩ ከውጭ መምጣት አለበት። የሚያመጡትም ፍሬ የሚበሉ ወፎች፣ ጦጣዎችና የሌሊት ወፎች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ማረፊያ ወደሌለበት ሜዳ ሳይሆን ቅርንጫፍ ወዳለበት ይሄዳሉ። የተተከለው ደን፣ መጤ ዝርያም ቢሆን፣ ለተፈጥሮ ዕፅዋት የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት ይህ ነው፤ ሣሩን በጥላው ያዳክማል፣ ፀሐዩን ያበርዳል፣ ዘር ለሚያመጡት እንስሳት ማረፊያ ይሆናል። በሙኔሳ ሻሸመኔና በመናገሻ የተካሄዱት ጥናቶች በመጤ ዛፎች ሥር ብዙ ሀገር በቀል የእንጨት ዝርያዎች ራሳቸውን ተክተው መብቀላቸውን ያረጋገጡ ሲሆን፣ ውጤቱ ከክፍል ክፍል የሚለያየው በአብዛኛው በጥላው ውፍረት፣ በተከላው ዕድሜና ከተፈጥሮ ደን ባለው ርቀት ምክንያት ነው። ከሁለቱ ክፍሎችዎ ለተፈጥሮው ደን ይበልጥ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ መመልከትም አይርሱ።

ወደ ካርቦኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሊሰማው የማይፈልገውን መናገር ግድ ይሆንብኛል። ዛሬ በዛሬ ቢለካ ባልተሳሳው ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚገኘው ካርቦን ሊበልጥ ይችላል። በሰው ቁመት ላይ ያሉት ብሳናና ቀለዋ ለዓይን ቢሞሉም ክብደታቸው ከአንድ የጎለመሰ ግንድ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ከሥር የሚበቅሉ ዕፅዋት በካርቦን ሚዛን ላይ የሚታይ ለውጥ እስኪያመጡ ድረስ አሥርት ዓመታት ያልፋሉ። ሲሳሳ የወጣው እንጨትም ከክፍሉ ሒሳብ ተቀንሷል። ብዝኀ ሕይወትና ካርቦን ሁልጊዜ አብረው ያድጋሉ የሚለው አነጋገር ለስብሰባ አዳራሽ ይስማማል እንጂ በአንድ የተከላ ክፍል ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል የግድ እውነት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ በዚያ አያበቃም። ባልተሳሳው ክፍል ውስጥ ዛፎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚሻሙ ደካሞቹ ቆመው ይደርቃሉ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ የበዛበት ክፍል ደግሞ እሳት ሲነሳ ከመሬት ወደ ጫፍ በቀላሉ ይቀጣጠላል። በተሳሳው ክፍል ውስጥ የቀሩት ዛፎች ወፍረው ለጣውላ ይደርሳሉ፤ ጣውላው በር ወይም አልጋ ሆኖ ካርቦኑን ለብዙ ዓመታት ይዞ ይቆያል። በፈረንጅ ጥድ ላይ የሚወርደው ክሽክሽ የተባለው ተባይም ቀደም ሲል በምሥራቅ አፍሪካ፣ ኋላም በእኛ ሀገር ያደረሰው ጉዳት አንድ ዝርያ ብቻ ያለበት ተከላ ምን ያህል በአንድ ጊዜ ሊመታ እንደሚችል አሳይቷል። ጥዱ ቢጠቃ ከሥሩ ጥቁር እንጨትና ብሳና ያለበት ክፍል ደን ሆኖ ሊቀጥል ይችላል፤ ባዶው ክፍል ግን እንደገና ከችግኝ ይጀምራል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ቆረጣ ነው። የፈረንጅ ጥድ ለጣውላ ከ20 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ ይቆረጣል፤ ግንዱ በቡቃያው ላይ ይወድቃል፣ ጉተታው የቀረውን ይደመስሳል፣ በመጨረሻም ቅርንጫፉ ተከምሮ ይቃጠልና ለአዲስ ችግኝ ጉድጓድ ይቆፈራል። በሃያ ዓመት የተሰበሰበው የዕፅዋት ስብጥር በአንድ ሳምንት ይጠፋል። ግንዱን ቡቃያ ወደሌለበት አቅጣጫ መጣል፣ የጉተታ መንገዱን አስቀድሞ ለይቶ በእርሱ ብቻ መጠቀም፣ ክፍሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመስመር በመስመር እየከፈሉ መቁረጥ፣ ቅርንጫፉን ከማቃጠል ይልቅ በመደዳ ከምሮ እንዲበሰብስ መተው ይቻላል። ይህ የሚጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ ቆራጩን ቡድን አስቀድሞ ማስተማርንና የሚከፈለውንም በቶሎ ለጨረሰ ብቻ አለማድረግን ነው። እርስዎ በዚያ አካባቢ ስለሚኖሩ፣ ሁለተኛው ክፍል መቼ እንደሚቆረጥ ከአሁኑ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ «ሩብ ሄክታር በሚሆን መሬቴ ላይ ዲከረንስ (ፈጥኖ የሚያድገውን መጤ የግራር ዝርያ) ተክዬ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ለከሰል ልቆርጠው ተዘጋጅቼ ሳለሁ ልጄ ‘ዛፉ ካርቦን ስለያዘ ባትቆርጠው ገንዘብ ይከፈልሃል’ ይለኛል። እውነት ነውን? ከሰል ማክሰሌስ ተከላውን ከንቱ ያደርገዋል?»

መልስ፦ የልጅዎ ሐሳብ ከመሠረቱ ስሕተት የለበትም፤ ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው። የአንድ ዛፍ ደረቅ ክብደት 100 ኪሎ ቢሆን 47 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ይህ ካርቦን አየር ውስጥ በነበረበት መልኩ ሲሰላ ወደ 172 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ደን ለያዘው ካርቦን የሚከፍለው የካርቦን ገበያ የሚቆጥረው በዚህ በሁለተኛው ሲሆን መለኪያውም ቶን ነው። በሀገራችን ከሚታወቁት የካርቦን ሽያጭ ሥራዎች አንዱ በዎላይታ ሁምቦ የተጀመረው ነው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት ከከብት ተከልሎ፣ ከቀሩት ጉቶዎች ያቆጠቆጡት ሀገር በቀል ዛፎች እየተገረዙ እንዲያድጉ ተደርጎ፣ በ30 ዓመት ውስጥ ከ880,000 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲይዝ ታቅዷል። ይህን ብናካፍለው ለአንድ ሄክታር በዓመት 11 ቶን ገደማ ይደርሳል። የእርስዎ ሩብ ሄክታር በዚሁ ስሌት ቢሄድ በዓመት 3 ቶን እንኳ አይሞላም። ለኪው፣ መርማሪውና ምስክር ወረቀት ሰጪው የሚጠይቁት ክፍያ ከዚህ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ አንድ ገበሬ ብቻውን ካርቦን ሊሸጥ አይችልም። በሁምቦም የሸጡት የገበሬ ማኅበራት ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ የሸጡት ሳይቆረጥ የሚቆይ ደን ለመጠበቅ ተስማምተው ነው።

ከሰሉን በተመለከተ፣ ዛፉ በአምስት ዓመት የሰበሰበው ካርቦን ግማሽ ያህሉ በማክሰሉ ጊዜ፣ ቀሪው በሸማቹ ምድጃ ላይ ተመልሶ ወደ አየር ይሄዳል፤ በከሰል ማክሰያው ቦታ የሚቀረው ድቃቂ ብቻ አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ነገር ግን አንድ ማሳ ለብቻው ሳይሆን የፋግታ ለኮማ ወረዳንና የአካባቢውን መልክዓ ምድር ባንድነት ሲመለከቱት ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ገበሬ ሲቆርጥ ሌላው የሁለት ዓመት ዛፍ አለው፤ ሦስተኛው ስንዴ ወይም ጤፍ ከችግኙ ጋር አብሮ ዘርቷል። ስለዚህ በጠቅላላው አካባቢ ላይ ሁልጊዜ ቆሞ የሚገኘው እንጨት፣ መሬቱ በአሲድ ተጎድቶ እህል እምቢ ባለበት ጊዜ ከነበረው ይበልጣል። ዲከረንስ ናይትሮጅንን ለአፈሩ ስለሚመልስ ከቆረጣው በኋላ የሚዘራው እህል የተሻለ ምርት መስጠቱን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የእርስዎ ከሰል ባይኖር ኖሮ የከተማው ሰው ከሰል ሳይጠቀም ይቀር ነበር ማለትም አይቻልም፤ ምናልባት ግራሩ ወይም ወይራው ይከሰል ነበር።

የዕፅዋት ስብጥርን ከፈለጉ ግን ዲከረንስ በአራትና በአምስት ዓመት ዙር ሲቆረጥ አይሰጥዎትም፤ ሀገር በቀል ዛፍ ቡቃያ ሆኖ ሥር ለመስደድ እንኳ ጊዜ አያገኝም። የማሳዎን ዳርቻና የውኃ መውረጃውን ለዋንዛ፣ ለብሳናና ለሰሳ ቢተዉ፣ መካከሉን ለዲከረንስ ቢያደርጉ ገቢዎ ብዙም አይቀንስም። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ በቅርብ ዓመታት በአዊ ዞን ዲከረንስ ላይ የወረደው የዝገት በሽታ አካባቢው ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚደርስ አሳይቷል።

ጥያቄ (ከደብረ ታቦር አካባቢ፣ ከአንድ የሰበካ ጉባኤ አባል)፦ «የደብራችን ቅጥር በሀበሻ ጥድና በወይራ የተከበበ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ጥገና ገንዘብ ስለሚያስፈልግ በደኑ ዳርና በመካከሉ ክፍት በሆኑት ቦታዎች ባሕር ዛፍ እንትከል የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ጉዳት ይኖረዋልን?»

መልስ፦ አባታችን፣ ስለ ዳሩና ስለ መካከሉ የምሰጠው መልስ የተለያየ ነው። በመካከሉ ፈጽሞ አይተከል። በደን ውስጥ ያለ ክፍት ቦታ ባዶ መስሎ ይታያል እንጂ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪው የሚያድግበት መንበር ነው፤ በዚያ ባሕር ዛፍ ሲቆም ብርሃኑንም ውኃውንም ቀድሞ ስለሚወስድ ወይራውና ጥዱ ወራሽ ያጣሉ። በደቡብ ጎንደር ከአንድ ሺህ በላይ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ቢኖሩም አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ የሚሸፍኑ ስለሆኑ ከውስጣቸው የምትቀነስ ትንሽ ቦታ ሁሉ ታሳስባለች። በአካባቢው ያለው የእርሻ መሬት ለዘመናት ስለታረሰ የዝግባና የጥቁር እንጨት ዘር የሚገኘው በእነዚህ ቅጥሮች ውስጥ ብቻ ነው፤ ነገ የወረዳው ችግኝ ጣቢያ ሀገር በቀል ችግኝ ላፍላ ቢል ዘር ሊለምን የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

ዳሩን በተመለከተ፣ ገንዘቡ የግድ ከባሕር ዛፍ መምጣት ካለበት ከቅጥሩ ውጭ፣ ከደኑ ቢያንስ የአንድ ትልቅ ዛፍ ቁመት ያህል ርቆ፣ ለእርሻ በማይሆን መሬት ላይ ይሁን። በዚህ መልክ ሲያዝ ለማገዶና ለአጠና የሚፈለገው እንጨት ከዚያ ስለሚገኝ በደኑ ላይ ያለው ጫና ሊቀንስ ይችላል። በደኑና በባሕር ዛፉ መካከል የሚቀረው ባዶ መሬት በወይራ፣ በክትክታና በቀጋ ቢሸፈን ደግሞ ከእርሻው የሚመጣውን ደረቅ ነፋስ ይመክታል። ከባሕር ዛፉ በፊት ግን ገንዘብ ካለ የድንጋይ አጥር ይቅደም። የአብያተ ክርስቲያናቱን ደኖች ለረጅም ጊዜ ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከማኅበረ ምእመናኑ ጋር ሆነው የድንጋይ አጥር እንዲሠራ የደከሙት በምክንያት ነው፤ ከብት የሚገባበት ደን ዛፍ እያለው ቡቃያ አይኖረውም፣ ይህም ለሃምሳ ዓመት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የአሮጌዎቹ ጥዶች ግንድ የያዘው ካርቦን ብዙ የባሕር ዛፍ ዙሮች ከሚሰበስቡት ጋር የሚወዳደር ስለሆነ በካርቦን መለኪያም ቢሆን ትርፉ መጠበቁ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ «እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርገው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ባየሁ ቁጥር ‘ቅጠል ብቻ ነው፣ ዛፍ አልቆረጡ’ እላለሁ። አንድ ጓደኛዬ ግን ቅጠሉን መጥረግ ደኑን ይጎዳል ባይ ነው።»

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው፤ እናቶቹን ግን ተጠያቂ አላደርግም። ቅጠል በካርቦን ረገድ ከግንዱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ቢሆንም ዛፉ ከአፈር የወሰደው ማዕድን ሳይመጣጠን በብዛት ያለው በቅጠሉ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ሲጠረግ አፈሩ የሚመለስለት ምግብ ያጣል፣ ዝናቡ በባዶ መሬት ላይ ያርፋል፣ በተዳፋቱም አፈሩ ታጥቦ ይወርዳል። ብዙዎች ባሕር ዛፍ ከሥሩ ምንም አያበቅልም የሚሉት እንዲህ ያለውን የተጠረገና ከብት የሚነዳበትን ተከላ አይተው ነው። እርግጥ ነው፣ በቅጠሉ ውስጥ የሌሎችን ዕፅዋት ብቅለት የሚገታ ኬሚካል አለ፤ ይሁንና ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ኬሚካሉ ስለሚታጠብ፣ ቅጠሉ ሳይጠረግ በቀረበትና ከብት በማይገባበት አሮጌ የባሕር ዛፍ ተከላ ሥር ቀጋና አጋም፣ ወይራና ጥድ ሲበቅሉ ይታያል። ቅጠል መጥረግን የሚያስቀር ጠባቂ መቅጠር ሳይሆን የከተማዋ ድሃ እንጀራ የሚጋግርበት ሌላ ኃይል በአቅሙ ማግኘቱ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ «ሰው የተከለው ደን የተፈጥሮ ደን ሊሆን ይችላልን?»

መልስ፦ ከከተማዎ ብዙ ሳይርቁ መናገሻ ሱባን ይጎብኙ። እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። ዛሬ ከጥዱ ጋር ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶውና ሌላውም በመኖሩ ማን እንደተከለው የሚያስታውሰው ታሪክ ብቻ ነው። ሦስት ነገሮች ረድተውታል ብል አልሳሳትም፦ የተተከለው ሀገር በቀል ዛፍ መሆኑ፣ የነገሥታት ጥበቃ ያልተለየው መሆኑና በየሃያ ዓመቱ ተጠራርጎ አለመቆረጡ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ)፦ «የእኛ ጓሳ ሰፊ ሜዳ ነው። ለምን ዛፍ ተተክሎበት ካርቦን አይሸጥም?»

መልስ፦ ጓሳ ዛፍ የጎደለው ደን ሳይሆን ሙሉ የሆነ የውርጭ ምድር ሣር ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ብርድ ሣሩና ሥሩ ሲሞቱ ቀስ ብለው ስለሚበሰብሱ ካርቦኑ የተከማቸው በጥቁሩ አፈር ውስጥ ነው፤ ለተከላ ጉድጓድ ሲቆፈር አፈሩ አየር አግኝቶ ያከማቸውን መልቀቅ ይጀምራል። ከዛፉ ጥላ ሥር የጓሳው ሣር፣ አስታውና ጅብራው ይዳከማሉ፤ አይጥ ሲያጣ ቀይ ቀበሮም ይሄዳል። መንዜዎች ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለአራት መቶ ዓመታት ገደማ ሣሩን እየዘጉና እየከፈቱ የጠበቁት ለክዳንና ለገመድ፣ ለግጦሽም ስለሚሆናቸው ነው። የዕፅዋት ብዝኀነት ሲባል የዛፍ ብቻ የሚመስላቸው ካሉ ጓሳን ያሳዩልኝ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ «የአንድ ወረዳ ተወላጆች ማኅበር ነን። ለትውልድ ቀያችን የደን ተከላ ገንዘብ አሰባስበናል። የቀረበልን ዕቅድ 100,000 ችግኝ ይተከላል ይላል። ምን ብለን እንጠይቅ?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ቁጥሩን ወደ መሬት ይለውጡት። 100,000 ችግኝ በ2 ሜትር ርቀት ቢተከል 40 ሄክታር ይሸፍናል፤ ገበሬዎች ለአጠና እንደሚያደርጉት በ1 ሜትር ከሆነ ግን 10 ሄክታር ብቻ ነው። ዕቅዱ የችግኝ ብዛት ጠቅሶ የመሬት ስፋት፣ ርቀትና ዝርያ ካልጠቀሰ ገና ዕቅድ አይደለም። በሀገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ የተነሣ የችግኝ ቁጥር መስማት ለምደናል፤ ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ግን በሦስተኛው ዓመት ቆሞ የሚገኘው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ገንዘቡን በሙሉ በተከላው ሰሞን አትስጡ፤ ከፊሉን ለጥበቃ፣ ለኩትኳቶና ለማሳሳት በየዓመቱ የሚለቀቅ አድርጉት። ችግኝ ለማፍላትና ለመትከል ገንዘብ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ በስምንተኛው ዓመት ለሚሠራ የማሳሳት ሥራ የሚሰጥ ግን እምብዛም አይገኝም።

ሁለተኛ፣ መትከል ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። በቦታው የወይራ፣ የግራር ወይም የክትክታ ጉቶና ሥር ከቀረ፣ መሬቱን ከከብት ከልሎ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙ ማሳደግ ከችግኝ ተከላ ርካሽ ነው፤ ዛፉ የተሠራ ሥር ስላለው ፈጥኖ ያድጋል፤ ዝርያዎቹም የዚያው ቦታ ናቸው። ሁምቦ የተሠራው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ጉቶም ዘር ሰጪ ደንም በአቅራቢያው ከሌለ ግን መትከል ግድ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ፈጥኖ የሚያድገውን ግራቪሊያ ወይም ባሕር ዛፍ ለገቢ በአንድ ወገን፣ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ወይራን ለዘለቄታው በሌላ ወገን ለይቶ መትከል ሁሉንም ቀላቅሎ ከመትከል ለአያያዝ ይቀላል። በአንድ ማሳ ላይ ሲደባለቁ ባሕር ዛፉ ዝግባውን በሁለት ዓመት ውስጥ ይውጠዋል፤ ባሕር ዛፉ ሲቆረጥም ዝግባው አብሮ ይሰበራል።

ካርቦን ለመቁጠር ከፈለጋችሁ ከተከላው በፊት የነበረው ይለካ። ባለሙያዎቹ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ውፍረት፣ አብሮም ቁመቱን ይለካሉ፤ ከዚያ በመነሣት ክብደቱን ያሰላሉ፤ የአፈሩን ካርቦን ደግሞ ናሙና ወስደው በላቦራቶሪ ያስመረምራሉ። የመነሻው ልኬት ከሌለ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚቀርብላችሁ ቶን ሁሉ ግምት ነው። በተመሳሳይ ቀን በዚያው መሬት ላይ የበቀሉት የዕፅዋት ዝርያዎች በስማቸው ቢመዘገቡ ተጨማሪ ወጪው ትንሽ ነው፤ የአካባቢው አረጋውያንና እረኞች ስሙን ሁሉ ያውቁታል።

በመጨረሻም፣ መሬቱ አሁን የማን ግጦሽ እንደሆነ ጠይቁ። ባዶ ተብሎ በዕቅድ ላይ የሚቀመጥ መሬት ሁሉ በደረቅ ወራት የአንድ ሰው ከብት ይውልበታል። ከብቱ ወዴት እንደሚሄድ መልስ ከሌለ፣ ወይ ችግኙን ይበላዋል፣ ወይ ወደ ጎረቤት የተፈጥሮ ደን ይገባና እዚህ የተገኘው ካርቦን እዚያ ይጠፋል። ሣሩ ለማን ታጭዶ እንደሚሰጥ፣ ሲሳሳ የሚወጣው እንጨት የማን እንደሚሆን፣ የመጨረሻውን ቆረጣ ማን እንደሚፈቅድ በጽሑፍ የሰፈረ የቀበሌው ሕዝብ ስምምነት እንዲታይላችሁ ጠይቁ፤ ሳይታይ ገንዘቡን አትላኩ።